የክረምት ዕረፍታችንና የዛፍ እንቁራሪቶች

ባለፈው ሰሞን ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ አዲስ የገዛውን ስልክ ሲያሳየን፣ በፊቱ ላይ አረንጓዴ ገላ፣ ቀይ ዐይንና ብርቱካንማ ጣት ያላት እንቁራሪት ቅጠል አቅፋ ተቀምጣ አየን። ስዕሏ ከስልኩ ጋር አብራ የመጣች ናት። «ይህች ደግሞ ከየት ናት?» ብንለው «ከአማዞን መሰለችኝ» አለ። የአማዞን አይደለችም፤ አገሯ መካከለኛው አሜሪካ ነው። ነገር ግን የቆረቆረን የእርሱ ስሕተት ሳይሆን ቀጥሎ የተናገረው ቃል ነው። «በእኛ አገር እኮ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ። በክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ከስድስታችን ሦስታችን የባዮሎጂ ተማሪዎች ነን። «አለ እንጂ!» ብሎ አፉን ሞልቶ የመለሰለት ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እኛው ሦስታችን በዚያ ዝምታችን አፍረን ነው።

አለ እንጂ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።) አገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች ሲኖሯት፣ ከእነዚህ ውስጥ ከሲሶ የሚበልጡት ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ምድር አይገኙም። በዛፍና በቁጥቋጦ፣ በሸምበቆና በእንሰት ላይ የሚኖሩትም ጥቂቶች አይደሉም። ሌፕቶፔሊስ የሚባለው የዛፍ እንቁራሪት ወገን ብቻ በደጋችንና በደናችን ውስጥ ራጋዚ፣ ቫኑቴሊ፣ ሱሳኔ፣ ያልዴኒ፣ ግራሚኔውስ የሚባሉ ልጆች አሉት። ከእነዚህም ግራሚኔውስ የዛፍ ዘር ሆና ሳለች ዛፉን ትታ ወደ ሣርና ወደ አፈር የወረደች ጉደኛ ናት። አፍሪክሳሉስ የሚባለው ሌላው ወገን ደግሞ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሆኖ፣ ዕንቁላሉን በቅጠል ላይ አኑሮ የቅጠሉን ጠርዝ በማጠፍና በማጣበቅ እንደ ደብዳቤ ያሽገዋል። ከዚህ ወገን አንደኛዋ ኤንሴቲኮላ ትባላለች፤ ትርጓሜውም የእንሰት ነዋሪ ማለት ነው። ከእንሰት አጥር አጠገብ ተወልደው ያደጉ ብዙ ጓደኞች አሉን፤ ስለዚህች ጎረቤታቸው ስንጠይቃቸው ግን በመገረም የሚያዩን እኛን ነው።

ስሞቹን ረጋ ብሎ ላነበበ ሰው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይታየዋል። ራጋዚ ማን ነው? በ1880ዎቹ ዓመታት በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ ኢጣልያኖች አቋቁመውት የነበረውን የምርምር ጣቢያ ይመራ የነበረ ሐኪም ነው። ከሸዋ የተገኘችውን እንቁራሪት በ1896 በስሙ የጠራት ቡላንዤ፣ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ተቀምጦ ይሠራ የነበረ ሊቅ ነው። ቫኑቴሊም ከ1895 ጀምሮ ከቦቴጎ ጋር የደቡቡን አገር ሲያስስ የነበረ የባሕር ኃይል መኰንን ነው። አፍሪክሳሉስ ኤንሴቲኮላን በ1974፣ ያልዴኒንና ሱሳኔን በ1977 ስም ያወጣላቸው ማልኮልም ላርገን ግን በአዲስ አበባው ዩኒቨርስቲ የኖረና የሠራ እንግሊዛዊ ነበር። ከሁሉም የምትቀድመው ሃይፔሮሊየስ ቪሪዲፍላቩስ የተባለችው የሸምበቆ እንቁራሪት ናት፤ በ1841 ዱሜሪልና ቢብሮን የተባሉ ፈረንሳውያን ሲጽፏት ያገሯን ስም «አቢሲኒያ» ብለው ብቻ አለፉ። ወረዳ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ወር የለ። ከጎንደር ትሁን ከሐረር፣ ከቆላ ትሁን ከደጋ የሚያውቅ የለም።

ይህን የምናነሳው የውጭ ሰዎችን ለመክሰስ አይደለም። እነርሱ ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ የምንጠራው ስም እንኳ ባልኖረን ነበር። የአገር ልጅም ጨርሶ አልተኛም፤ አበበ አመሃ መንግሥቱ በ2012 በስዊስ አገር በባዝል ዩኒቨርስቲ ለዶክትሬት ያቀረበው ሥራ በኢትዮጵያ ደጋ ባሉት ሌፕቶፔሊሶችና በሌሎች እንቁራሪቶች ላይ የተመሠረተ ነው። በ2018 የታተመ የዘር ምርመራም ግራሚኔውስ ተብላ በአንድ ስም የምትጠራው እንቁራሪት ከስምጥ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ ተለያይተው የኖሩ ብዙ የዘር ሐረጎች እንዳሏት አሳይቷል። በ2019 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ከቢቢታ ተራራ ከዚያ በፊት ማንም ያልጻፋት እንቁራሪት ወጣች። እንግዲህ ሥራው አላለቀም፤ ተጀምሯል ማለትም ያስቸግራል።

ታዲያ እኛ ለምን አናያቸውም? መልሱ ቀላል ነው፤ ቀጠሮአችን ስለማይገጥም ነው። እንቁራሪት የምትጮኸው፣ የምትጋባውና ዕንቁላሏን የምትጥለው በአብዛኛው ዝናብ ሲጥል፣ ያውም ሌሊት ነው። እኛ የምንማረው በበጋ፣ ያውም ቀን ነው። የመስክ ጉዞ ከተገኘ (መኪናውና ነዳጁ ከተፈቀደ ማለታችን ነው) በጥር ወይም በየካቲት ይሆናል። በዚያን ጊዜ የዛፍ እንቁራሪት በቅርፊት ሥር፣ በቅጠል ብብት ወይም በአፈር ውስጥ ተሸሽጋ ትተኛለች። በዚህ ምክንያት የባዮሎጂ ተማሪ ሊመረቅ ድረስ የሚያውቃት እንቁራሪት ፎርማሊን ያገረጣት፣ በትሪ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ ሆዷ በምላጭ የተከፈተው ብቻ ናት። የልቧን ሦስት ክፍሎች በእንግሊዝኛ እየጠራ ፈተና ያልፋል፤ ድምፅዋን ግን አያውቀውም። ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሮ የእርሷ መሆኑን አያውቅም።

ሐሳባችን እንግዲህ ይህ ነው። ዩኒቨርስቲው ሲዘጋ እንቁራሪቶቹ ይከፍታሉ። ክረምት ሲገባ በሺህ የምንቆጠር ተማሪዎች ሻንጣችንን አንጠልጥለን ወደየወረዳችን እንበተናለን፤ አንዱ ወደ ቦንጋ፣ አንዱ ወደ ማሻ፣ አንዱ ወደ ደሎ መና፣ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ እኛም ወደ ከሚሴ። የብዙዎቻችን ኪስ ካሜራም፣ ድምፅ መቅጃም፣ የቦታ መለኪያም የሆነ ስልክ ይዟል። ራጋዚ ይህ ሁሉ አልነበረውም። ይህን ያህል ሰው በትክክለኛው ወር በየስፍራው ለማሰማራት የሚበቃ ገንዘብ ያለው የጥናት ድርጅት አይገኝም። ለእኛ ግን በነጻ የተሰጠን ነገር ነው፤ እኛም ክረምቱን የእንግሊዝ ክለቦች ማንን ገዝተው ማንን እንደ ሸጡ ስንከራከር እናሳልፈዋለን።

«የዛፍ እንቁራሪት ጫካ ላለው ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሦስታችንም የኦሮሚያ ዞን ልጆች ነን፤ አንዳችን ከከሚሴ፣ አንዳችን ከባቲ፣ አንዳችን ከሰንበቴ። አገራችን ቆላ ነው፤ ግራር እንጂ ሐረናን የመሰለ ደን የለንም። ነገር ግን ጨፋ አለን። ቦርከና ከደሴ ተራሮች ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ካለፈ በኋላ ሜዳ ሲያገኝ ይንሰራፋል፤ የተንሰራፋበት ሁሉ ቄጠማ፣ ፊላና ሸምበቆ ሆኗል። ጨፌ በኦሮምኛ ረግረጋማ መስክ ማለት መሆኑን የቋንቋው ልጅ ያውቃል። በበጋ ሣር ሲጠፋ የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት የሚያርፈው እዚያ ነው። ሸምበቆ ላይ ለምትኖር እንቁራሪት አንድ የሸምበቆ ዘንግ ዛፏ ነው፤ ለመውጣት የሚያገለግላት የጣቷ ጫፍ ክብ ሰሌዳም በደን ውስጥ ካለችው ዘመዷ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ ሦስታችን ተቃጥረን አንድ ሌሊት ዝናብ ባባራበት ሰዓት ወደ ጨፋ ዳር ሄድን። ዝም ብለን አልሄድንም። በ2021 በዞናችንና በአጎራባቾቻችን የሰው ደም ፈስሷል፣ ቤትም ተቃጥሏል፤ በሌሊት በሸምበቆ መካከል ባትሪ ሲያበራ የታየ ወጣት ምን መስሎ እንደሚታይ ለማንም መንገር አያስፈልግም። አስቀድመን ለቀበሌውና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገርን፤ ከብት በመጠበቅ ያረጁ አንድ አባትም አብረውን ሊሄዱ ፈቀዱ። መንገድ ላይ እንዲህ ተባባልን።

«ልጆቼ፣ ለመሆኑ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«አባባ፣ የሚጠፋ ነገር የለም። እንቁራሪት ፎቶ ልናነሳ ነው።»

«ራቻ?» አሉና ቆመው ሳቁ። ራቻ በኦሮምኛ እንቁራሪት ናት። «ፎቶዋን ስታነሱላት ለማን ልትልኩላት ነው?»

ከረግረጉ ዳር ስንደርስ ግን ሳቁ ወደ እኛ ዞረ። እኛ አንድ ጫጫታ ብቻ የምንሰማበትን ስፍራ እርሳቸው እንደ መንደር ገበያ ለየብቻ ይሰሙታል። ይህ ወፍራሙ የጉርጡ ነው፤ ይህ የሚንኮራኮረው በውሃው ዳር የምትዘለው የረጅም እግሯ ነው፤ «ያች ቀጭኗ ግን ከመሬት አትጮህም፣ ሽቅብ ወጥታ ነው» አሉን። እኛ ሦስት ዓመት ተምረን ያላገኘነውን አንድ ነጥብ፣ ወንዶቹ በድምፅ እንደሚለዩ፣ እርሳቸው ያለ መጽሐፍ ነገሩን። በዚያች ሌሊት 43 ፎቶ አነሳን። በማግስቱ ስንመለከታቸው አብዛኛው ጉም ነው፤ ከቀሩትም ውስጥ በብርሃን የነደደ ሸምበቆና ከጀርባዋ የታየች አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ለማንም ብናሳየው «ቆንጆ ነው» ከማለት በቀር ምንም አይለንም።

ስለዚህ በሁለተኛው ሌሊት እንደገና ሄድን፤ ከውድቀታችን የተማርነውን እንናገር። በመጀመሪያ የሚፈልገው ጆሮ እንጂ ዐይን አይደለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ጥሩ ጊዜ ነው። ሲቀርቧት ዝም ትላለች፤ ያን ጊዜ ባትሪውን አጥፍቶ እንደ ግንድ መቆም ነው። ሦስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ትንኝ እየበላን ነው የምንጠብቀው። መጮህ ስትጀምር ሁለት ሰዎች ጥቂት ርምጃ ተራርቀው ቆመው እያንዳንዳቸው ባትሪያቸውን ወደ ድምፁ ይቀስራሉ፤ ሁለቱ ብርሃን የተገናኙበት ስፍራ ላይ እርሷ አለች። ይህን ዘዴ ባናውቅ ኖሮ እስከ ዛሬም ሸምበቆ ስንበረብር ነበር። ባትሪ ግንባር ላይ ሲታሰር ደግሞ የእንስሳው ዐይን ብርሃኑን መልሶ ያበራል፤ የሸረሪትም ዐይን ያበራልና ብዙ ጊዜ ተታለናል።

ፎቶውን በተመለከተ፣ የውበት ፎቶና የማስረጃ ፎቶ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስረጃ የሚሆነው ፎቶ ከዐይኗ ትክክል ዝቅ ብሎ ከጎን የተነሳ፣ የዐይኗን ብሌን፣ ከዐይኗ ኋላ ያለውን የጆሮ ታምቡር፣ የጣቶቿን ጫፍና በጣቶቿ መካከል ያለውን ቆዳ የሚያሳይ ነው። ብሌኑ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሌፕቶፔሊስ ብሌኗ በብርሃን ሲጠብ ሽቅብ የቆመ ስንጥቅ ይሆናል፣ የሃይፔሮሊየስ ብሌን ግን ወደ ጎን የተጋደመ ነው። አንድ ጥሩ የዐይን ፎቶ ከአሥር የጀርባ ፎቶ ይበልጣል፤ የጀርባ ቀለም በአንድ ዓይነት ውስጥ እንኳ እጅግ ይለዋወጣልና። የስልኩን ፍላሽ በቀጥታ ከመተኮስ ጓደኛ በጎን ሆኖ ባትሪውን በነጠላ ጨርቅ ሸፍኖ ቢያበራ ገላዋ አያንጸባርቅም። ከፎቶው ጋር የግማሽ ደቂቃ ድምፅ መቅዳት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከምን ተክል ላይ በምን ያህል ቁመት እንደ ነበረች ወዲያው በደብተር መጻፍ። ነገ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው አይጽፈውም፤ እኛ አይተነዋል። ይህ ካልተደረገ የእኛም ፎቶ የ1841ዱን «አቢሲኒያ» ከመድገም አያልፍም።

በሁለተኛው ሌሊት ከወገባችን ዝቅ ብላ በሸምበቆ ዘንግ ላይ ተጣብቃ ያገኘናት እንቁራሪት ሦስት ሳንቲ ሜትር አትሞላም። ጣቷ ጫፉ ክብ ነው፤ ብሌኗ ወደ ጎን የተጋደመ ነው። ወንድ ነበር፤ ሲጮህ ጉሮሮው ከራሱ የሚበልጥ ፊኛ ይሆናል። ከሃይፔሮሊየስ ወገን ነው ለማለት ደፍረናል፤ የዓይነቱን ስም ግን ድምፁንና ፎቶውን የሚያመዛዝን ዐዋቂ ይንገረን ብለን ትተነዋል። አብረውን የነበሩት አባትም በስልኩ ፊት ላይ አጉልተን ስናሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። «ይህን ያህል ዕድሜ ስሰማት ፊቷን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

ከጨፋ በኋላ ነው ወደ ደን ለመሄድ የደፈርነው። ሁለታችን ገንዘብ አጠራቅመን በመስከረም መጀመሪያ ወደ ባሌ ሄድን። ከጎባ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሪራ የወረደ ሰው፣ ከብርድና ከድንጋይ አገር በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሽበት በለበሰ ዛፍ መካከል ይገባል። ይህ የሐረና ደን ነው። ከፓርኩ ስካውት ጋር በሌሊት ገባን፤ የዛፍ እንቁራሪት ናት ብለን ሽቅብ ስናይ አንገታችን ተቆለመመ። ስካውቱ ታዝቦን «ዝቅ በሉ» አለን። እውነትም ከጉልበታችን ከፍታ በማይበልጥ ቁጥቋጦ ላይ ነበረች፤ እንጨት በእንጨት እንደ መታ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኻ ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች። ብሌኗ ሽቅብ የቆመ ነው፤ ሌፕቶፔሊስ። በብርዱና በጉሙ ምክንያት የካሜራው መስተዋት ላብ አላበው፤ ሦስት ፎቶ ብቻ ተረፈን። ጨፋ ላይ ባንለማመድ ኖሮ አንዱም ባልተረፈ ነበር። የለመደ ጆሮ ይዞ ወደ ደን መግባትና ባዶ ጆሮ ይዞ መግባት እንደማይተካከል የገባን ያን ጊዜ ነው።

ስለ ባሌ ካነሳን አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በ2013 የታተመ ጥናት በባሌ ተራሮች ብቻ የሚኖሩ ሦስት የእንቁራሪት ወገኖችን የብዙ ዓመት መዝገብ አገናዝቦ፣ ቀድሞ በቀላሉ ይገኙባቸው በነበሩ ስፍራዎች እጅግ እንዳነሱና በአንዳንዱም እንደ ታጡ አመልክቷል። እነዚህ የዛፍ ወገን አይደሉም፤ ነገር ግን የሚኖሩት በዚያው ውሃና በዚያው ጥላ ሥር ነው። ደን ይመነጠራል፣ ከብት ምንጩን ይረግጣል፤ በዓለም ላይ ብዙ እንቁራሪት የፈጀው የቆዳ ፈንገስም በአገራችን እንቁራሪቶች ላይ ተገኝቷል። ወደ እኛ ስንመለስ ጨፋም ከዓመት ዓመት በእርሻ እየተቆረሰ ነው፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ከከተሞቹ የሚወርደው ፍሳሽ ወደ ቦርከና ይገባል። እንቁራሪት በቆዳዋ የምትጠጣና የምትተነፍስ እንስሳ ስለሆነች በውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ገላዋ ይገባል። ጨፋ ዘንድሮ ስንት ዓይነት ድምፅ አለው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ የሚመልስለት መዝገብ ዛሬ ካልተጀመረ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደ ጠፋ ለማወቅ እንኳ አይቻልም።

በዚሁ ምክንያት የፎቶ አድናቂ ሁሉ እንደ ልቡ ይሩጥ አንልም። ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው በጭቃ ቦት ጫማ መሄድ ፈንገሱን ይዞ መሄድ ነው፤ ጫማ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ሳሙና ወይም የትንኝ መከላከያ በነካው እጅ እንቁራሪት መያዝ ለእርሷ እሳት መንካት ነው፤ ባይነኳት ይሻላል፣ ከነኩም በንጹሕ ውሃ በረጠበ እጅ። የታጠፈ ቅጠል ያገኘ ሰው ውስጡን ለማየት አይክፈተው፤ ልጆች አሉበት። ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ እንስሳውን ወስዶ ባማረ ቅጠል ላይ አስቀምጦ የሚነሳ ፎቶ ደግሞ እንኳን ማስረጃ እውነትም አይሆንም። በአንዳንድ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ይህ እንደ ብልኃት እንደሚቆጠር ሰምተናል፤ ለእኛ ግን ውሸት ይመስለናል።

ሁለት ተቃውሞ ቀርቦልናል። አንደኛው ከአስተማሪዎቻችን የመጣ ነው፤ «ፎቶ ናሙና አይተካም» ይላሉ። ልክ ናቸው። አዲስ ዓይነት ተገኘ ለማለት በሙዚየም የሚቀመጥ ናሙና ያስፈልጋል፤ ያንንም የሚሰበስበው ፈቃድ ያለው ዐዋቂ እንጂ ስልክ የያዘ ተማሪ አይደለም። ነገር ግን የትኛው ዓይነት የት እንደሚኖር፣ በምን ወር እንደሚጮህ፣ ዓምና የነበረበት ዘንድሮ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ አንድ እንስሳ መግደል አያሻም። ዐዋቂውስ ቢሆን ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው አስቀድሞ የሰማና ያየ ሰው ሲነግረው አይደለምን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጓደኞቻችን የመጣ ሲሆን ከበድ ያለ ነው። «ሕዝብ በተራበበት፣ ሰው ከቤቱ በተፈናቀለበት አገር እናንተ እንቁራሪት ፎቶ ታነሳላችሁን?» ይሉናል። እንቁራሪት ትንኝ ትበላለች፣ ስለዚህ ወባ ታጠፋለች እያልን ልንከላከል እንችል ነበር፤ ነገር ግን ያን ያህል እርግጠኞች ያልሆንንበትን ነገር ለክርክር ብለን አንናገርም። የእንቁራሪት ፎቶ ማንንም አይመግብም። ሆኖም ጨፋ ይመግባል፤ ጨፋ ሲደርቅ በመጀመሪያ ዝም የምትለው እርሷ፣ ቀጥሎ የሚጮኸው ከብቱ ነው። ደግሞም ያገሩን ውሃና ደን ሳያውቅ ስለ አገሩ ልማት የሚከራከር ተማሪ በየስብሰባው ሞልቷል፤ እኛም ከእነርሱ መካከል ነበርን። በተረታችን እንቁራሪት ዝሆንን አህላለሁ ብላ የተሰነጠቀች ሞኝ ናት፤ ይህ ስም ሳይሰጣት በፊት ጠጋ ብሎ ያያት ሰው መኖሩን ግን እንጠራጠራለን።

ስለዚህ ማኅበራችን ይህን እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ከሰኔ ፈተና በፊት ለየወረዳው ተማሪ በአንድ ገጽ የተባዛ መመሪያ ይስጥ፤ ምን እንደሚጻፍ፣ ከየት በኩል ፎቶ እንደሚነሳ የሚገልጽ ይሁን፤ እኛ ጽፈን እናቀርባለን። በመስከረም ስንመለስ የሰበሰብነው ፎቶ፣ ድምፅና ማስታወሻ በአንድ ሣጥን ገብቶ ቅጂው በአራት ኪሎ ለሚገኘው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የእንስሳት ሙዚየም ይላክ። እጅግ ብርቅ የሆነ እንስሳ የተገኘበት ትክክለኛ ስፍራ ግን በአደባባይ አይለጠፍ፤ ነጋዴም ያነባልና። የትምህርት ክፍላችንም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ዝናብ ቢሆን እንኳ፣ የመስክ ትምህርቱን ከቀን ወደ ሌሊት ያዛውርልን። ነዳጅ የለም ከተባለ በእግር የሚደረስበት ኩሬ አይታጣም።

እኛ በበኩላችን ሐምሌ ላይ ጨፋ ነን። ለሽማግሌዎቹና ለቀበሌው የምንሰጠውን ደብዳቤ ጽፈናል፤ የማኅበሩ ማኅተም ብቻ ቀርቶናል። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴና ከጨፋ ሮቢት ያላችሁ መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጻፉ። ቦት ጫማ ያለን ለሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ። አባባም ዘንድሮ ከኮምቦልቻ በታች ሌላ ድምፅ የሚሰማበት ስፍራ እንዳለ ልከውብናል።